«ይይዛል» አልኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የተዛነፈውን ጸሎት ስዘረዝር ይህችን አንዷን በጉንጬ ይዤ ተነስቻለሁ። ለወንድሜ አልተናገርኩም። ከሁሉ በፊት ልነግራት ለሚገባኝ ሴት አልተናገርኩም። አሁን ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ የምጽፈው ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። ፊታችሁን ስለማላየው ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እወቁልኝ። እንድታባብሉኝ አልፈልግም። ስጨርስ «ጊዜው ነው፣ ጦርነቱ ነው» ልትሉኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ አገሬው ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው። በደሌ ግን ጦርነት አይደለም። በደሌ አንድ ቃል ናት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ሳላነሳ የተናገርኳት አንድ ቃል። «ይይዛል» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ።

የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብኩ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማታ ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል፣ ጉልበቴ በማይገባበት ዴስክ ላይ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ክፉ አመል አለው፤ የተዛባ ነገር ሲያይ ያመዋል፣ ካላቃናው እንቅልፍ አይወስደውም። ወንድሜ ካሳ ወደ ውጫሌ በሚያወጣው አስፋልት ዳር ጋራዥ ነበረው፣ የመለዋወጫው ክፍል የኔ ነበር። ከመኪኖች ጋር የመጡ የጥገና መጻሕፍት እጅ ሲጠረግባቸው አገኘኋቸው። ሰብስቤ፣ አጽድቼ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ አነበብኳቸው። መጀመሪያ ካሳ ይስቅብኝ ነበር። በኋላ መኪና ሲያስቸግረው «አስካለ፣ እስቲ ነይ አንቺ እይው» ይለኝ ጀመር።

ፍሬንን ያስተማሩኝ ግን መጻሕፍቱ ብቻ አይደሉም፣ የግሸን መንገደኞችም ናቸው። መስከረም ላይ ለንግሥ የወጡት አውቶቡሶች ሲመለሱ ብዙዎቹ በራችን ላይ ይቆማሉ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሰናል። ሾፌሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ «ላይ ሳለሁ እንደ ድንጋይ ነበር፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ጥጥ ሆነብኝ።» ለምን ጥጥ እንደሚሆን መጽሐፌ ውስጥ አገኘሁት። የፍሬን ዘይት ክፉ ጠባይ አለው፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ አይታወቅም፣ መርገጫው ደልደል ብሎ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ይግላል፣ የጠጣው ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። ያን ጊዜ የሚረገጠው እንፋሎት ነው፣ እግር ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ይህን ካወቅኩ በኋላ በጋራዡ ውስጥ አንድ ሕግ አወጣሁ። አፉ ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይት መኪና ውስጥ አይገባም። የሐይቁ አየር እርጥብ ነው፤ እኛ ዘንድ ክዳኑ ያልጠበቀ ዘይት ቶሎ ይበላሻል። እንዲህ ያለውን አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ ለብረት ማጠቢያ ብቻ ይሁን ብዬ በመደርደሪያው ጥግ አስቀምጠው ነበር። ካሳም ጨርቁን ካየ አይነካውም። ይህን ቀይ ጨርቅ አስታውሱልኝ።

የሱፍ ያቺን መኪና ይዞ የመጣው በለውጡ ሰሞን ነው፣ ሁሉ ሰው ነገ ከዛሬ ይሻላል ብሎ በሚያወራበት ሰሞን። የሱፍ የጎረቤታችን የእቴ ዘይነባ ልጅ ነው። ጅዳ ብዙ ዘመን ሠርቶ ሲመለስ ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ የስፖርት መኪና ገዛ። ባጃጆች ዳር ይዘው ያሳልፏት ነበር። እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣባት ስትወርድ ወገቧን ይዛ እየተነሳች፣

«ልጄ፣ ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርክ? አህያዬ እንኳ ከዚህ ከፍ ታደርገኛለች» አለችው። ሰፈሩ ይህን እየደጋገመ ከረመ።

አንድ ቀን የሱፍ መኪናዋን ጋራዥ አቆማትና ጠራኝ። «እታለም፣ ፍሬኗ ልስልስ አለብኝ። ለቀቅ ሳደርጋት ትበራለች፣ ቁሚ ስላት ትለማመጠኛለች።»

በክሪክ አስነስተን ጎማዎቹን ፈታን። ሸራዎቹ ብዙ ጊዜ ከመጋላቸው የተነሳ ፊታቸው እንደ መስታወት ያበራል፣ እንዲህ ያለ ሸራ ዲስኩን ይዳብሰዋል እንጂ አይጨብጠውም። ዘይቱ የጠላ አተላ መስሏል። ካሳ መርገጫውን እንዲረግጥ አድርጌ የጎማ ቱቦውን በጣቶቼ ያዝኩት፤ በተረገጠ ቁጥር እንደ ደም ሥር ይነፋል። ጉልበቱ ወደ ጎማው መድረስ ሲገባው ቱቦውን በማሳበጥ ያልቃል። አንድ በአንድ አሳየሁት። ሸራው ይቀየር፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ በአዲስ ይተካ፣ ቱቦዎቹ በጠንካራ ይለወጡ፤ ያኔ ለሞተሩ የሚመጥን ፍሬን ይኖራታል አልኩት።

የሱፍ ለዚያ ወር ሌላ ሐሳብ ነበረው። የሚያብለጨልጭ ቸርኬና የሚያጓራ ማርሚታ አዝዞ ነበር።

«እታለም ሙች፣ ፍሬን ማን ያየዋል?»

«የሚያየውስ የሚረግጠው ነው» አልኩት።

«ኪታቧ ተናገረች» ብሎ ሳቀ። ኪታቧ፣ ባለ መጽሐፏ፣ ያለችኝ በመጀመሪያ እናቱ ናት። በእሷ አፍ ስም ነው፣ በእሱ አፍ ግን ቀልድ ሆነ። ሠራተኞቹም አብረው ሳቁ። ያን ቀን ተቀይሜዋለሁ። ትንሽ ቂም ናት፣ ግን አብራኝ ስለከረመች አልደብቃትም።

ከዚያ ጦርነቱ ወደኛ መጣ። ከተማው በጥድፊያ ባዶ ሆነ። ወንዶቹ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ገጠር፣ እግራቸው ወደመራቸው ሄዱ። ካሳ ሄደ። የሱፍም ቤንዚን ስላጣ መኪናዋን ጋራዣችን ውስጥ ሸራ አልብሶ፣ እናቱን አብራው እንድትሄድ ለምኖ እምቢ ብትለው ትቷት ሄደ። እቴ ዘይነባ «እኔ ቤቴን ለማን ትቼ? ሞትም ከመጣ በሬን ያንኳኳ» ብላ ቀረች። እኔም ቀረሁ። ሁለታችን አንድ ቤት ገባን። የነበራትን ዱቄት ከእኔ ባቄላ ጋር አንድ ላይ አደረግን። እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ከዚያ አንድ ገበታ እንቀርባለን። «አብሽሪ ኪታቧ፣ ያልፋል» ትለኝ ነበር። ያን ሰሞን ያቆየችኝ እሷ ናት። ይህንንም አስታውሱልኝ።

ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች ያደረጉትን ሁሉ አልዘረዝርም፣ ሌላ ሰው ይዘርዝረው። እኔን ያነደደኝን አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩበትን ክፍል ሰፈሩበት። ውሃ ልቀዳ ሳልፍ ዴስኮቹን ፈልጠው እሳት አንድደዋል፣ እሳቱን የሚያቀጣጥሉት በመማሪያ መጻሕፍቱ ነበር። አንዱ ቅጠል እየገነጠለ ይጨምራል፣ ሳያይ፣ እያወራ። ቆሜ አየሁ። ጀሪካኔን ይዤ ሄድኩ። ያን ቀን ውስጤ የገባው ነገር ምን እንደሆነ ስም አላወጣለትም።

በማግስቱ አዛዣቸው ጋራዡን አስከፈተ። ሸራውን ገልጦ ቀይዋን መኪና ሲያይ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ቤንዚን አመጡ፣ ተነሳች። በግቢው አንድ ጊዜ ዞረባትና ፍሬን ሲይዝ ግንቡን ለጥቂት ሳተው።

«መካኒክ የለም?» አለ።

«ወንዶቹ የሉም» አልኩ።

«ታዲያ ይህን ማን ይሠራዋል?»

አብራኝ የመጣችው እቴ ዘይነባ ቀድማኝ፣ «እሷ ትሠራዋለች። ኪታብ የሚያነብ ሰው ብረት ያቅተዋል?» አለች። የልጇ መኪና ከተበላሸች በጥይት የሚበሳሷት መስሏት ነው፣ ሥሩላቸውና ይሂዱ ብላ ነው። አዛዡ እያየኝ ሳቀ። «በይ እህቴ ሥሪው። በዚህች ነው ወደ መርሳ የምንወርደው» አለኝ።

ወደ መርሳ የሚወስደው መንገድ ከውጫሌ በኋላ ወደ ውርጌሳ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መንገዱን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ አውቄ ነው የሠራሁት።

በደንብ ሠራሁት። ከመጋዘናችን ጠንካራ ቱቦ አውጥቼ ገጠምኩ። የሸራዎቹን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ መስታወቱን ገፈፍኩ። ጨምቀው የሚይዙትን ብረቶች አጥቤ ቀባሁ። ያረጀውን ዘይት አንጠፈጠፍኩ። ከዚያ በመደርደሪያው ላይ ሁለት ዕቃ ነበር። አንዱ ያልተከፈተ፣ እሽጉ ያልተነካ አዲስ ዘይት። አንዱ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት። አዲሱን ወስጄ ባቄላው ውስጥ ቀበርኩት። ቀይ ጨርቁን ፈትቼ በኪሴ ከተትኩና ያንን ሞላሁ። ፍሬኑ ውስጥ የገባውን አየር በየጎማው በኩል በጥንቃቄ አስወጣሁ፣ ምክንያቱም መርገጫው ደንድኖ እንዲያታልል እፈልግ ነበር። እቴ ዘይነባ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። ሲለሰልስ የነበረው ሲደነድን አይታ «ማሻአላህ» አለች።

አዛዡ ረገጠው። ግቢውን ዞረበት፣ አቆመው፣ ዞረበት፣ አቆመው። አንድ እሽግ ብስኩት እጄ ላይ አኖረና «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። በአጥር በኩል ያየ ሰው ነበር፣ ያቺ ብስኩት ኋላ ብዙ ታስወራብኛለች።

ሰው ለመግደል አስበሽ ነበር ወይ? ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ። አብረውት የሚቀመጡትን ልጆች አስበሻቸዋል ወይ? አስቤአቸዋለሁ። መሣሪያ የለኝም፣ ያለኝ ያነበብኩት ብቻ ነበር፣ ያንን ሰጠኋቸው። ለዚህ እግዚአብሔር ይጠይቀኝ፣ እመልስለታለሁ። ለሰው ግን ይቅርታ አልጠይቅበትም። ዛሬም ያ ክፍል፣ ያ እሳት ቢመለስ እጄ ወደየትኛው ዕቃ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ግን አልወረዱም። ምን እንደያዛቸው አላውቅም፣ አዛዡ ቀይዋን በከተማው ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ማርሚታውን ሲያስጮህ ሰነበተ። በሜዳ ላይ ፍሬኑ ድንጋይ ነው። በያዘለት ቁጥር እኔ ቤት ውስጥ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ ተነስተው በችኮላ ሄዱ። መኪናዋን ቤንዚኗ አልቆ ሐይቁ ዳር ትተዋት ሄዱ። የሰፈሩ ሰው እየገፋ ወደ ጋራዡ አመጣት።

ሰው ሲመለስ ወሬም አብሮ ተመለሰ። «ለእነሱ መኪና ስትሠራ ነበር። ብስኩት ሲያጎርሷት ታይቷል።» ከጉድጓድ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ወሬ ይቋረጣል። እቴ ዘይነባ ብቻ መሐል ቆማ «ወላሂ፣ እሷ ባትኖር እኔ በረሃብ አልቄ ነበር፤ ብስኩቱንም የበላሁት እኔ ነኝ፣ ሻጋታ ሻጋታ ይል ነበር» ትላቸዋለች። እኔ ግን አልተከራከርኩም። ምን ብዬ? ልገድላቸው ነበር ልበል? ማን ያምነኛል? ካመነኝስ? ደግሞ ኮራሁ። እኔን የሚያህል ሰው ለእነዚህ ማስረዳት አለበት? ብዬ ኮራሁ። በዚያ ኩራት ውስጥ የመኪናዋ ዘይት ሳይቀየር ሰነበተ። በየቀኑ አልፌያት እሄዳለሁ። ነገ አደርገዋለሁ እላለሁ። ብቻዬን ብደፋውና ብተካው ማን ይጠይቀኝ ነበር? ማንም። ካሳ እንኳ አይጠይቀኝም ነበር። አላደረግሁትም።

የሱፍ ሳልጠብቀው መጣ። ከስቷል፣ ተቆጥቷል፣ ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምቷል። ካሳ ነበረ፣ ሠራተኞቹ ነበሩ፣ ወሬ ያመጣቸው ሰዎችም በር ላይ ቆመው ነበር። ሰላም አላለኝም። ይዞት የመጣውን ቤንዚን ሞላ፣ ገብቶ ተቀመጠ፣ መርገጫውን ረገጠው። ደንዳና ነው። ደግሞ ረገጠው። ከዚያ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ኸረ እጅሽ ይባረክ እታለም። ለኔ ብዙ ነገር ካልተለወጠ አይሆንም ያልሽኝ ፍሬን፣ ለእነሱ ጊዜ ድንጋይ አደረግሽው።»

በር ላይ ያሉት ሳቁ። አንዱ «ብስኩት አላመጣህላትማ» አለ።

ካሳ «ተው የሱፍ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን አልኩ? አመሰገንኩ እንጂ። ንገሪኝ እታለም፣ ለኔም ይይዛል?»

አሁን እዚህ ላይ ቆሙልኝ። ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ፣ እሳቱም፣ ቀይ ጨርቁም፣ ስድቡም፣ አልፎ ሄዷል። ከፊቴ ያለው አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው አዛዡ አይደለም፣ የጎረቤቴ ልጅ ነው። መልሱን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «ውረድ የሱፍ፣ ዘይቱ መቀየር አለበት» ማለት ስንት ትንፋሽ ይጠይቃል? ለምን ብሎ ቢጠይቀኝ እንኳ ከፈለግሁ አልመልስለትም። አፌ ተከፈተ። በር ላይ የቆሙትን አየኋቸው፣ የሱፍን አየሁት።

«ይይዛል» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። አያችሁት ተንኮሏን? እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ዘይቱ ሳይግል፣ ይይዛል። ቃል የምመዝን፣ ሰው ፊደል ሲዘነጋ የምቆጣ ሴት፣ እውነት የሆነች ቃል መርጬ በእሷ ዋሸሁ። «ይይዛል» አልኩ። ሳልንተባተብ አልኩ።

ማርሚታው አጓራና ወጣ። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ያዘ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ጥቅልል ይዛ ስትጠብቀው ነበር። እቴ ዘይነባ ናት። መርሳ ያገባች ልጅ አለቻት፣ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምጿን አልሰማችም፣ የሱፍ የመጣው ወደዚያ ሊወስዳት ነው። ማንም አልነገረኝም ነበር። ወገቧን ይዛ፣ እየሳቀችበት፣ ወደዚያች ዝቅተኛ መኪና ስትገባ አየኋት።

ጮኼ ነበር ብል ይሻለኝ ነበር። ማርሚታው ድምፄን ዋጠው ብል ታምኑኝ ነበር። አልጮህኩም። ወደ በሩ ጥቂት ተራመድኩ፣ ሰዎቹ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ፣ ቆምኩ። አልጮህኩም። መኪናዋ ወደ ውጫሌ አቀናች። እኔ ወደ መለዋወጫው ክፍል ገባሁና መጥረጊያ አነሳሁ። ንጹሕ ወለል ጠረግኩ።

ከውጫሌ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ እግሩ ወለል ነካ። የሱፍ መንዳት ያውቃል፣ ማርሽ ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ወደ ገደሉ እንዳይሄድ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ ከተታት። እሱ ቅንድቡ ተፈነከተ። እናቱ በተቀመጠችበት በኩል ነው የመታው። ዳሌዋ ተሰበረ። በጭነት መኪና መልሰው አመጧት። ሐኪም ቤቱ ገና አላገገመም ነበርና ወጌሻ አሰራት። ስትታሰር የጮኸችውን ጩኸት በአጥር ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄደችም።

የሱፍ በካሳ ላይ ተነሳ። እኔ የሠራሁት ደንዳና እንደነበር ራሱ ረግጦ አይቷል፣ ስለዚህ መኪናዋ ከሐይቁ ዳር ከተመለሰች በኋላ አንድ ነገር ፈታችሁባታል አለ። ካሳ በማርያም ማለ። አንዱ ድንጋይ አነሳ፣ አንዱ ዱላ። ነገሩ ሳይከፋ ሽማግሌ ተጠራ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን የሚያበርዱት አበጋሮች ናቸው፣ ደም የሚያደርቁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚያከብርላቸው አባቶች። ዛፍ ሥር ተቀመጥን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። እቴ ዘይነባን በአልጋ ይዘዋት መጡ።

አበጋሩ ዞር ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ አስካለ፣ አንቺ ስትሠሪው ደህና ነበር?»

«ሲረገጥ ደህና ነበር አባቴ» አልኩ። ደግሞ እውነት። ደግሞ መዝኜ።

አበጋሩ እጃቸውን ዘረጉ። «የሚያውቀውን የደበቀ፣ የደበቀው እንቅልፍ ይንሳው።»

«አሚን» አለ ሕዝቡ። እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። ዝም ብል የሚያየኝ አልነበረም። «አሚን» አልኩ፣ በራሴ ላይ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ያን ያልኩት ከድፍረት ነው ወይስ እንዲይዘኝ ፈልጌ? እስከዛሬ አልለየሁትም። እርግማኑ ግን እንደያዘኝ ልንገራችሁ።

ከዚያ አንዱ ከኋላ «ወንጀለኞቹማ ሄደዋል። ሲወጡ አበላሽተዋት ነው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጦርነቱ ነው ተባለ። ቀላል ነበር። ሁሉም ሰው ተነፈሰ፣ ካሳ ተነፈሰ፣ የሱፍ ዱላውን ጣለ። አበጋሩ ወደ አልጋዋ ዞሩና «ዘይነባ፣ ያጠፋውን ማንም ይሁን ማን፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይው፣ ይቅር በይው» አሏት።

እዚህ ላይ እሷን እያየሁ ነበር። የታሰረ ዳሌዋን በእጇ ደባበሰችው። ሕዝቡ ሁሉ ይጠብቃታል። በኛ አገር ለአላህ ብለሽ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፣ ማለትም አይችልም። አልፈለገችም ነበር። አየሁት እኮ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «ለአላህ ብዬ አፉ ብዬዋለሁ» አለች። አሚን ተባለ። ከአፏ እንደተነቀለ ጥርስ ነው የወጣው።

ከባቄላው ውስጥ አዲሱን ዘይት አወጣሁት። መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ካሳን «ፍሬኑን ለኔ ተወው» አልኩት። ባለ ቀይ ጨርቁ ዘይት ከቱቦው ሲወጣ ተቃጥሎ ጠቁሮ ነበር። በዚህ ጊዜ የሱፍ ራሱ «ያልሽውን ሁሉ አድርጊላት» አለ። አዲስ ዲስክ፣ ሙቀት የሚችል ሸራ፣ እሽጉ ሲከፈት እያየ የተሞላ ዘይት። ስንጨርስ መርገጫውን ረግጦ እንደ ያኔው ቀና አለ፣ አሁን ግን ሳይቀልድ፤ «ይይዛል?»

«እዚህ ይይዛል። ታች ይይዝ እንደሆነ ታች ደርሰን እነግርሃለሁ» አልኩና ከጎኑ ተቀመጥኩ። እናቱ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ከውጫሌ እስከ ውርጌሳ ስንወርድ በየኩርባው እንዲረግጥ አደረግሁት። ሽታው መጣ፣ መርገጫው ግን አልወረደም። ታች ቆመን «አሁን ይይዛል» አልኩት። ሳቀና «ኪታቧ» አለኝ፣ በዚህ ጊዜ እንደ እናቱ። ለእሱ የነገርኩት ይህን ብቻ ነው። ይህን በማድረጌ የቀለለኝ መስሏችሁ እንደሆነ፣ አልቀለለኝም። ፍሬን ይታደሳል። ዳሌ አይታደስም።

አሁንም በየቀኑ እያየኋት እኖራለሁ። ፀሐይ ስትሞቅ በሯ ላይ አልጋ ይወጣላታል፣ እኔ ከሥራ ስመለስ ትጠራኛለች፣ «ነይ ኪታቧ፣ ምን አነበብሽ ዛሬ?» ትለኛለች። ሰው ስለ እግሯ ከጠየቃት «እነዚያ ናቸው፣ ጦርነቱ ነው» ትላለች። እኔ እያለሁ። ጦርነቱ የራሱ ብዙ አለበት፣ በየቤቱ የገባ፣ በየመቃብሩ የተኛ። የኔን ግን አልጨምርበትም። የኔ የኔ ነው። «ይይዛል» ያለው ጦርነት አይደለም።

የፊታችን አርብ፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስና ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ይህን ወረቀት ይዤ አልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ። ማንበብ አትችልም፣ እኔ አነብላታለሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቀይ ጨርቁንም፣ ኩራቴንም፣ መጥረጊያውንም ሳልዘል። ስጨርስ ግን የማልላት አንድ ነገር አለ። ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ አልላትም። ካልኳት ትለኛለች፣ ሳትፈልግ ትለኛለች፣ ያኔ ዛፉ ሥር እንዳለችው መሬት መሬት እያየች። እምቢ ማለት ከማይችል ሰው መጠየቅ መንጠቅ ነው።

ስለዚህ ዝም እላለሁ። ብትረግመኝ እጄን ዘርግቼ አሚን እላለሁ። ምርኩዟን ብታነሳብኝ ከቦታዬ አልነሳም። እግሯን ወስጄባታለሁ፣ እውነቱንም ይህን ያህል ጊዜ ወስጄባታለሁ። ቁጣዋን ግን አልወስድባትም።